ኬብል፣ ትንሿ ተሰኪ ወይስ ዩኤችኤፍ? ለመሣሪያችሁ የቱ ይሻላል

የጊታሬን ድምፅ ያለ ኬብል የሚልክልኝ ገመድ አልባ ዕቃ ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረግ የድምፅ ሙከራ) ላይ ምንም እንከን አልነበረውም። አዳራሹ ባዶ ነበር። ጊታሬን አንግቤ ከመድረኩ ወረድኩና እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄድኩ፤ ድምፁ አንዴም አልተቆረጠም። ማታ ሰው ሲሞላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ የጊታሬ ድምፅ ጠፋ። ተመለሰ። ደግሞ ጠፋ። በመጨረሻ ከድራመሩ ጀርባ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ኬብል ተፈልጎ መጣልኝና ዝግጅቱን በእሱ ጨረስኩ።

በማግስቱ ምክንያቱን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ዕቃው የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ዋይፋይም ብሉቱዝም የሚሠሩት እዚያው ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከገባው ሰው አብዛኛው ኪሱ ውስጥ ስልክ አለ። የሰው አካል ደግሞ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። እኔ ከጊታሬ የሚላከውን የሚይዘውን ተቀባይ ያስቀመጥኩት ከአዳራሹ ኋላ፣ ሚክሰሩን በታብሌት ለመቆጣጠር ከተተከለው ራውተር ጎን ነበር። በእኔና በእሱ መሃል ሕዝቡ በሙሉ ቆሟል።

ከዚያ ወዲህ ሰው «የትኛውን ገመድ አልባ ልግዛ?» ሲለኝ ስለ ብራንድ ከማውራቴ በፊት «የት ነው የምትጫወተው?» እላለሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀት የሚለካው ምንም ከልካይ በሌለበት ቦታ ነው። እናንተ የምትጫወቱት ግን ሰው መሃል ነው።

ኬብል ለማን ይበቃል

ቁጭ ብላችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ኬብሉ ይበቃችኋል። ኪቦርዲስት ከሆናችሁም እንደዚያው። ኪቦርድ ቦታውን አይለቅም፤ በዚያ ላይ ድምፁ ስቴሪዮ ነው፣ በርካሽ የሚገኙት ገመድ አልባዎች ደግሞ ሞኖ ናቸው። ስቱዲዮ ውስጥም ጥሩ ኬብልን የሚያስንቅ ነገር አላየሁም። ባትሪ አያልቅበትም፣ ቻናል አይፈልግም፣ ምንም አይዘገይም።

መድረክ ላይ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ ግን ገመድ አልባ መግዛት ቅንጦት አይደለም። ኬብል ይረገጣል፣ ይጠላለፋል፣ ጃኩ (መሰኪያው) ጋ ይላላል። አንድ ሌላ ጥቅምም አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። እ.ኤ.አ. በ1976 የሮክ ጊታሪስቱ ኤስ ፍሬሊ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ መድረክ ላይ እያለ ኤሌክትሪክ ያዘው። ብረት የደረጃ መደገፊያ ሲነካ በጊታሩ በኩል ነው የተመታው። ከዚያ በኋላ ወደ ገመድ አልባ ዞረ። ጊታራችሁ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በሽቦ ካልተገናኘ፣ አንድ እጃችሁ ክሩ ላይ ሆኖ ከንፈራችሁ ማይኩን ሲነካ የሚመጣው ንዝረት መንገድ ያጣል። የኤሌክትሪክ ዝርጋታው የማይታመን ቦታ ለምትጫወቱ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ብሉቱዝን እርሱት

«ብሉቱዝ ስፒከር አለኝ፣ በእሱ ብጫወትስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም። ተራ ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያዘገየዋል። ክሩን ነክታችሁ ድምፁን የምትሰሙት ቆይታችሁ ነው። ሙዚቃ ለማዳመጥ ችግር የለውም፤ ለመጫወት ግን ሪትሙን ያፈርሰዋል።

ለመሣሪያ ተብለው የተሠሩት ሌላ ናቸው። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ 3 ሚሊሰከንድ መዘግየት ማለት ከአምፑ አንድ ሜትር ፈቀቅ ብሎ እንደመቆም ነው። ቦስ ደብሊውኤል-20 መዘግየቱ 2.3 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከ80 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ኤክስቫይቭ ዩ2 ከ6 በታች ይላል፤ ሁለት ሜትር ገደማ። ለብቻው አይሰማችሁም። ግን መዘግየት ይደመራል። ገመድ አልባ፣ ከዚያ ዲጂታል ኢፌክት፣ ከዚያ ዲጂታል ሚክሰር፣ ከዚያ ገመድ አልባ ኢንኢር (ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ) ከደረደራችሁ ጣታችሁና ጆሯችሁ መለያየት ይጀምራሉ። እንዲህ ያለ ሴትአፕ ያላችሁ ሰዎች ዝቅተኛውን ቁጥር ፈልጉ፤ ሌሎቻችሁ አትጨነቁ።

ትንሿ ተሰኪ

ብዙ ሰው የሚገዛው ይህን ነው። አንዷን (ላኪዋን) ጊታሩ ላይ፣ ሌላዋን (ተቀባይዋን) አምፑ ወይም ፔዳሉ (በእግር የሚረገጠው ድምፅ መቀየሪያ) ላይ መሰካት ብቻ ነው። ለልምምድ፣ ለትንሽ መድረክ፣ ለአምልኮ ዝግጅት በቂ ናት።

ኤክስቫይቭ ዩ2 በጣም ቀላል ነው። አራት ቻናል አለው፤ ባትሪው 5 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ረጅም ዝግጅት ላለበት ሰው 5 ሰዓት ያሳስባል፤ ከሳውንድ ቼክ ጀምሮ ሲበራ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ይከዳል። ቦስ ደብሊውኤል-20 ላኪው እስከ 12 ሰዓት፣ ተቀባዩ 10 ሰዓት ይቆያል፤ ሁለቱን አንዴ እርስ በርስ ስትሰኳቸው የተሻለውን ቻናል ራሳቸው ይመርጣሉ። ላይን 6 ሪሌይ ጂ10 ላኪውን ተቀባዩ ላይ ስትሰኩት ይሞላል፤ ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰው የሚመች አሠራር ነው። ከእነዚህ አንዱን ለራሴ ምረጥ ብትሉኝ ባትሪውን አይቼ ቦስን እወስዳለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት የጊታራችሁን ጃክ እዩ። እንደ ስትራቶካስተር ጃኩ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ አንዳንዶቹ በደንብ አይገቡም። ውስጡ ባትሪ ያለው አክቲቭ ቤዝ ወይም አኩስቲክ ከሆነ ደግሞ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሞክሩ። አንዳንድ ትንንሽ ላኪዎች ከአክቲቭ ጃክ ጋር አይስማሙም፤ ሲሲሲ የሚል ድምፅ ያመጣሉ።

ድምፁ ለምን ይለያል

ስለዚህ ጉዳይ ሻጮች ብዙም አያወሩም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ርዕስ ነው። ኬብል ራሱ ድምፅ ይቀይራል። በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ ባህርይ) አለው። ጊታራችሁ ያለው ፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ ከሆነ 6 ሜትር ኬብል ቀጭኑን ድምፅ በግልጽ ይቆርጠዋል። ዕድሜ ልካችሁን የሰማችሁት «የጊታሬ ድምፅ» ከፊሉ የኬብሉ ነው።

ገመድ አልባ ስትሰኩ ያ ኬብል ይጠፋል። ቀጭኑ ድምፅ ጎልቶ ይወጣል፤ አንዳንዱ ሰው «ስለታም ሆነብኝ» ብሎ ዕቃውን ይመልሳል። ዕቃው አልተበላሸም፤ የፒክአፑን ድምፅ ሳይቀነስ እየሰማችሁ ነው። የአምፑን ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) ትንሽ ቀነስ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ደብሊውኤል-20 ደግሞ የ3 ሜትር ኬብልን ባህርይ አስመስሎ ይሰጣል። ደብሊውኤል-20ኤል የሚባለው ወንድሙ ይህን አያደርግም፤ የተሠራው ለአክቲቭ ፒክአፕና ለአኩስቲክ ነው። በስም የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ስለሆነ ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ።

የድሮ ዓይነት ፈዝ ፔዳል (ድምፁን አሻክሮ የሚያወፍር) የምትወዱ ካላችሁ ተጠንቀቁ። ያ ፔዳል ከጊታሩ ጋር በቀጥታ መነጋገር ይፈልጋል፤ ቮልዩማችሁን ስትቀንሱ ድምፁ የሚጠራው ለዚያ ነው። መሃል ላይ ገመድ አልባ ሲገባ ያ ባህርይ አብዛኛው ይጠፋል። በእኔ እምነት ፈዝ የድምፃችሁ ልብ ከሆነ ኬብል ላይ ቆዩ።

ቤዚስቶች የሚጠይቁኝ «ዝቅተኛው ድምፅ ይቀራል ወይ?» ብለው ነው። ባለ አምስት ክር ቤዝ ላይ ወፍራሙ ክር 31 ኸርዝ ገደማ ነው። የዛሬዎቹ ዲጂታል ዕቃዎች እስከ 20 ኸርዝ ስለሚወርዱ ችግር የለም። የድሮ አናሎግ ገመድ አልባ ግን ድምፁን ጨምቆ ልኮ መልሶ ይዘረጋዋል፤ ኖታው ሲያልቅ ሽው የሚል ትንፋሽ ይሰማል። ቤዝ ላይ ይህ በደንብ ያስታውቃል።

ፔዳል ቦርድ ላይ የሚቀመጠው

ፔዳሎቻችሁን የምትደረድሩበት ቦርድ ላላችሁ ቦስ ደብሊውኤል-60 ወይም ሹር ጂኤልኤክስዲ16 ይሻላሉ። ተቀባዩ ፔዳል ስለሆነ እግራችሁ ሥር፣ ዓይናችሁ የሚያየው ቦታ ላይ ነው። የእኔ ዓይነት የራውተር ችግር አይደርስባችሁም። የደብሊውኤል-60 ላኪ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ በተራ ድርብ ኤ ባትሪ እስከ 25 ሰዓት ይሠራል፣ ስክሪኑም የትኛው ቻናል ነፃ እንደሆነ ያሳያል። የሹሩ ተቀባይ ውስጡ ቲዩነር አለው፤ ረብሻ ሲያገኝም ራሱ ቻናል ይቀይራል። ተራ ባትሪ የሚቀየርበት ዕቃ ለዓመታት ያገለግላል። ውስጡ የተዘጋ ሊቲየም ግን ከጊዜ በኋላ መዳከሙ አይቀርም።

በ5.8 ጊጋኸርዝ የሚሠሩም አሉ። ብዙ ጊዜ ከ2.4 ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ግን አዲሶቹ ዋይፋዮችም እዚያ ይገባሉ፤ ሞገዱም በሰው አካልና በግድግዳ ይበልጥ ይታገዳል። ለትንሽ ክፍል ጥሩ ነው።

ሳክስፎንና ቫዮሊን በክሊፕ ማይክ ለምትጫወቱ፣ የጊታር ተሰኪ አይሆናችሁም። ማይኩ ኮንደንሰር ከሆነ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ የጊታር ላኪ አይሰጠውም። ለማይክ የተሠራ የወገብ ላኪ ግዙ።

ዩኤችኤፍ፣ አዲስም አሮጌም

ትልቅ መድረክ፣ ብዙ ሰው፣ ብዙ ገመድ አልባ በአንድ ላይ ካለ መልሱ ዩኤችኤፍ ነው፤ ቴሌቪዥንም የሚጠቀምበት፣ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ዝቅ ያለ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱ ከ2.4 በተሻለ ሰውን አልፎ ይሄዳል። ደህና የሆኑት ተቀባዮች ሁለት አንቴና አላቸው፤ አንደኛው ሲደክም ሌላው ይረከባል። ሹር ኪውኤልኤክስዲና ዜንሃይዘር ኢደብሊው-ዲ ዲጂታል ናቸው፤ የዜንሃይዘሩ መዘግየት 1.9 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ዋጋቸው ከትንሿ ተሰኪ ብዙ እጥፍ ነው፤ ለሳምንታዊ ልምምድ ብላችሁ አትግዟቸው።

2.4 ጊጋኸርዝ ፈቃድ ሳይጠይቅ በአብዛኛው ዓለም ይሠራል። ዩኤችኤፍ ግን እንደ አገሩ ነው፤ ከቴሌቪዥንና ከሞባይል ጋር ይጋፋል። አሜሪካ የ700 ሜጋኸርዙን ክልል እ.ኤ.አ. በ2010፣ አብዛኛውን የ600 ሜጋኸርዝ ክልል ደግሞ በ2020 ለገመድ አልባ ማይክና መሣሪያ ዘጋችው። ያኔ ከጥቅም ውጭ የሆኑት ዕቃዎች ዛሬም በሰከንድ ሃንድ በርካሽ ይሸጣሉ። አዲስ ይመስላሉ፣ ይበራሉ፣ ይሠራሉም። የሞባይል ኔትወርክ አጠገባቸው ሲሠራ ግን ይረበሻሉ፣ በሕግም ያስጠይቃሉ። ስለዚህ ያገለገለ ዩኤችኤፍ ስትገዙ ላኪውና ተቀባዩ ላይ የተጻፈውን የሜጋኸርዝ ቁጥር አንብቡ፤ ሁለቱ አንድ ክልል ውስጥ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከዚያ በአገራችሁ የተፈቀደውን አይታችሁ አስተያዩ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተላጠ ከሆነ ዕቃውን መልሳችሁ አስቀምጡት።