የጥራት መቆጣጠሪያ ቻርቱን ለደንበኛ የሚያሳይ የደሴ ላቦራቶሪ

እናቴን ለስኳር ክትትል የምወስዳት በደሴ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ወደሚገኝ አንድ የግል ላቦራቶሪ ነው፤ ስሙን የማልጠራው ጽሑፉ ማስታወቂያ እንዳይመስል ብዬ ነው። ንጽሕናውም ሆነ የባለሙያዎቹ ትሕትና ደኅና ነው። ልጽፍ ያነሣሣኝ ግን ከምርመራ ክፍሉ በር አጠገብ የተለጠፈውና በየማለዳው አንድ ነጥብ የሚጨመርበት ቻርት ነው።

የስኳር መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ባለሙያዎቹ «ኮንትሮል» የሚሉት ናሙና ከታካሚዎች ደም በፊት በማሽኑ ይለካል። ቢያንስ ከ20 ልኬቶች አማካዩና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ውጤቶቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) ከተሰላ በኋላ፣ የየዕለቱ ውጤት በአማካዩ መስመር ዙሪያ በተሰመሩት ወሰኖች ላይ ይመዘናል። ለምሳሌ አማካዩ 100፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 3 ቢሆን፣ ከአማካዩ በሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚርቁት የውጭዎቹ ወሰኖች 91 እና 109 ይሆናሉ፤ ማሽኑ ደኅና ሆኖ ሳለ አንድ ነጥብ ከእነዚህ የሚወጣው ከ1,000 ልኬት በ3 ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከወጣ የታካሚ ውጤት መስጠት ይቆማል። ዋልተር ሸዋርት በ1924 እ.ኤ.አ. ለፋብሪካ ምርት የነደፉትን ይህን ዘዴ ሊቪና ጄኒንግስ የተባሉ ባለሙያዎች በ1950 ወደ ሕክምና ላቦራቶሪ አስገብተውታል።

ከወሰን የወጣ ነጥብ ለማንም ይታያል። ይበልጥ የሚያሳስበው ሁሉም ነጥቦች በወሰኑ ውስጥ ሆነው ሳለ፣ በተከታታይ ከአማካዩ በላይ ብቻ ሲሰለፉ ነው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. የወጡት፣ እንዲህ ያለ ቻርት የሚነበብባቸው የዌስትጋርድ ደንቦች አሥር ተከታታይ ነጥቦች በአንድ ወገን መሰለፋቸውን ልኬቱ ወደ አንድ ወገን ለማዘንበሉ ምልክት አድርገው ይቆጥራሉ። ማሽኑ በ4 ሚሊግራም ብቻ ወደ ላይ ቢያዘነብል፣ በባዶ ሆድ 123 መሆን የነበረበት ውጤት 127 ይሆናል፤ የስኳር በሽታ መለያው ወሰን ደግሞ 126 ነው። በዚህ ላቦራቶሪ ቻርት ላይ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ ስጠይቅ፣ ባለሙያዋ ከነጥቦቹ ሥር በእርሳስ የተጻፈውን አሳየችኝ፦ ሪኤጀንቱ (ለምርመራው የሚውለው ኬሚካል) በአዲስ ባች የተተካበት ቀን ነበር፤ ማሽኑም ከዚያ በኋላ እንደገና ተስተካክሏል። ምክንያቱን ከነቀኑ መዝግቦ የሚይዝ ቤት ለእኔ ማሽኑ አዲስ ነው ከሚል ቤት ይበልጣል። በተለይ ሪኤጀንት ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሚመጣበትና መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ የማሽን አዲስነት ብቻውን ብዙ ዋስትና አይሰጥም።

ኮንትሮሉ ከወሰን ሲወጣ እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ መለካት የተለመደ ፈተና ነው፤ እንዲህ ከሆነ ቻርቱ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ባለሙያዋን ስለዚህም ጠይቄያት «መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ያልተሳካውም ነጥብ አይፋቅም» ብላ መልሳልኛለች፤ በቻርቱ ላይ ተከብበው የቀሩት ነጥቦችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ።

ቅሬታዬ ላቦራቶሪው ይህን ብልሃት ለማሽኑ ብቻ ማድረጉ ነው። በባዶ ሆድ የመጣ አረጋዊ ደም እስኪሰጥ የሚጠብቀው ጊዜ አንዳንድ ቀን አጭር፣ አንዳንድ ቀን እጅግ ረጅም ነው፤ ይህን ግን የሚመዘግብ ሰው አላየሁም። የየዕለቱን የጥበቃ ጊዜ በተመሳሳይ ቻርት ላይ ማስቀመጥ ከባድ አይደለም፤ ሆኖም የገበያ ቀናት ከሌሎቹ ተለይተው ለብቻቸው መያዝ አለባቸው። ከገጠር ብዙ ሰው የሚገባበት ቀን ወረፋው እንደሚረዝም አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ፣ ከሌሎቹ ቀናት ጋር ቢደባለቅ ወሰኖቹን ስለሚያሰፋቸው፣ በተራ ቀን የሚፈጠር እውነተኛ መጓተት ሳይታይ ያልፋል። እስከዚያው ድረስ ለምርመራው ትክክለኛነት ላቦራቶሪውን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ አረጋዊ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ከገበያ ቀን ውጭ፣ በማለዳ ቢደርስ ይሻለዋል።