የምድር ቤቴ ግድግዳ ከ14 ወር በኋላ

መጀመሪያ ላይ ተራግሜያለሁ፤ አልደብቅም። አርማታው ከተሞላ ሁለት ወር ሳይደፍን የምድር ቤቱ ግድግዳ ከታች በኩል ተሰነጠቀና ውሃ ያወርድ ጀመር። ሬንጅም ሜምብሬንም (ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ውሃ ከልካይ ንጣፍ) ይቅርብኝ ብዬ አርማታው ውሃ እንዳያሳልፍ ከሲሚንቶው ጋር የሚቀላቀለውን ክሪስታል ሠሪ ዱቄት የመረጥኩት እኔው ነኝ። ለ50 ኪሎ ከረጢት ግማሽ ኪሎ፣ ከሲሚንቶው 1 በመቶ ማለት ነው፤ ሚክሰሩ ሥር ቆሜ አስመዝኜዋለሁ። "ብለንህ ነበር" የሚለኝ ሰው ደግሞ አሰፍስፎ ይጠብቃል።

ሻጩ "ስንጥቅ ቢመጣ ራሱን ያክማል" ብሎኝ ነበር። ይታከም ብዬ ተውኩት። ጠዋት ጠዋት እየወረድኩ በጣቴ እዳብሰዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት የሚፈሰው ውሃ ወደ ላብ ተለወጠ፤ በአምስተኛው ጣቴ ደርቃ ወጣች። ስንጥቁ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። ስፋቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ከ0.5 ሚሊ ሜትር በላይ ቢሆን ኖሮ ከዱቄቱ ምንም አልጠብቅም ነበር፤ በየጊዜው የሚላወስ ስንጥቅ ቢሆንም እንደዚያው።

ይሁን እንጂ ከላይ በኩል፣ እዚያው ግድግዳ ላይ፣ እንዲያውም ከታችኛው የቀጠነ ሁለተኛ ስንጥቅ አለ። እሱ ወራት ቢቆጠሩም አልዘጋ አለ። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ያፈሳል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ያፈሳል። የአንድ ቀን ሙሌት፣ ያው ዱቄት፣ ያው ሲሚንቶ! ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዱቄቱ ሲሚንቶው ሲጠጥር ከሚፈጠረው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ተዋህዶ በውሃ የማይሟሙ፣ መርፌ የሚመስሉ ክሪስታሎች የሚያበቅለው ውሃ ሲያገኝ ብቻ ነው። ውሃ ካጣ ይተኛል። የታችኛው ስንጥቅ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ አፈር ላይ ተደግፏል፤ የላይኛው ግን ሲጠማ ነው የሚከርመው።

ወንድሜ ሻጩ፣ ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ምን ያህል ይከብድ ነበር? "ራሱን ያክማል" ከማለት "ካጠጣኸው ይታከማል" ብትል ምን ትከስር ነበር?

እርጥብ ጆንያ ሰቅዬ ጠዋትና ማታ ሳጠጣው ሰነበትኩ። የቤቱ ሰው ግድግዳ ውሃ እንዳይገባበት ግድግዳ የሚያጠጣ እብድ ብሎ ሳቀብኝ። በወሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ከባድ ዝናብ አልፎበታል፤ ጠብ አላለም።

አንድ መሐንዲስ ወዳጄ ቀጭን ስንጥቅ ያለ ዱቄትም በገዛ ኖራው ሊደፈን ይችላል ብሎ ሊያበሳጨኝ ሞክሯል። እውነቱን ነው፤ ያለ ዱቄቱ የተሠራ መንትያ ግድግዳ ስለሌለኝ ልከራከረው አልችልም። እኔ ግን ደግሜ ብሠራም ዱቄቱን እጨምራለሁ።

የወለሉና የግድግዳው መጋጠሚያ ላይ ሻጩ "አያስፈልግም" ያለውን የውሃ ማገጃ ላስቲክ በግድ ያስገባው ፎርማኑ ነው፤ እዚያ ጠብታ አላየሁም። ቧንቧው በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ግን አፈሰሰ፤ ፕላስቲክና አርማታ የተላቀቁበትን ክፍተት የትኛውም ክሪስታል አይሞላውም። ቆፍሬ ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ማሸጊያ ዘጋሁት። የቀረው ግድግዳ ደረቅ ነው።

ቀለም ቀቢው ትናንት ያንን ነጭ ቅርፊት ሊፍቅ ብሩሽ ይዞ መጣ። አትንካው አልኩት።