ለቦቢ የደረሰልን የባሕር ዳር ሰው፦ ምስጋናም ጥቆማም

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ ውሻ ያላችሁ፣ ይሄን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አልጽፍም። ግን አንድ የውሻ አሠልጣኝ ይሄን ያህል ደግ ሆኖልን ዝም ብል ኅሊናዬ አይቀበለውም።

ቦቢ የሐበሻ ውሻ ነው። ገና ቡችላ ሳለ ከዘንዘልማ ያመጣው አባቴ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ግቢ ውስጥ ስትውል የምታወራው ከቦቢ ጋር ነው። ስሙን እየጠራች ታማክረዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ ምሳዋን ታካፍለዋለች። ለኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ነሐሴ 2015 ከተማችን ውስጥ ተኩስ ሲሰማ ቦቢ አልጋ ስር ገብቶ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ አይችልም። ባጃጅ በራችን ላይ ከቆመ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል። እንግዳ ሲገባ ጥርሱን ያወጣል። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ የባሰ ነው። የሰፈራችን ልጆች ቡሄ እስኪደርስ አይጠብቁም፣ ቀደም ብለው ጅራፍ ማጮህ ይጀምራሉ። የጅራፍን ድምፅ ታውቁታላችሁ፣ ልክ እንደ ጥይት ነው። ቦቢ ያን ሰሞን እህል አይቀምስም። ጥፍሩ እስኪደማ በሩን ይቧጥጣል። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ያልሞከርነው የለም። አንዱ አሠለጥናለሁ ብሎ ገንዘቡን በቅድሚያ ተቀብሎን ወሰደው። ሲመልሰው አጥንቱ ወጥቷል፣ አንገቱ በሰንሰለት ተልጧል፣ ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር መሬት ላይ ይለጠፋል። ምን አድርገኸው ነው ስንለው “አሁን አደብ ገዝቷል” አለን። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ሌላው ጨለማ ክፍል ቆልፉበት፣ ሚጥሚጣ አብሉት ብሎ መከረን። አንድ ቦታ ደግሞ ይዘነው ሄደን ገና በር ላይ ሲጮህ “ይሄንማ መርዝ ስጡትና ተገላገሉ” ተባልን። እናቴ ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። የማንንም ስም አልጠራም፣ እግዜር ይይላቸው።

ይሄን ሰው የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት። ስንደውልለት መጀመሪያ የጠየቀን የእብድ ውሻ ክትባቱን ዘንድሮ ወስዷል ወይ ብሎ ነው። ከዚያ ስለ አንገቱ ቁስል ስንነግረው የእንስሳት ሐኪም ሳያየውና ሳይድን ምንም አልጀምርም አለ። ስለ ገንዘብ አንድም ነገር አላነሳም።

የመጣበትን ቀን መቼም አልረሳውም። ዱላ የለ፣ ሰንሰለት የለ። በርጩማ አስመጣና ከቦቢ ራቅ ብሎ፣ ጎኑን ሰጥቶት ተቀመጠ። ዓይኑን እንኳ አላየውም። “እማማ፣ ቡና ካለ እጠጣለሁ” አላት እናቴን። እሷም አፈላች። አቦሉ ላይ ቦቢ ግቢውን በጩኸት አናወጠው፣ ሰውዬው ግን ከእናቴ ጋር ስለ ጣና እምቦጭ ያወራል። በወሬው መሃል ዞር ሳይል የተቀቀለ ሳንባ ቁራጭ ይወረውርለታል። ቶናው ላይ ጩኸቱ ቆረጥ ቆረጥ ማለት ጀመረ። በረካው ላይ ቦቢ ሰንሰለቱ እስከፈቀደለት ድረስ መጣና የሰውዬውን ጫማ አሸተተ። እሱ ሊነካው እጁን እንኳ አልዘረጋም። “ይሄ ውሻ ክፉ አይደለም እማማ፣ ፈርቶ ነው” አላት። እናቴ በነጠላዋ ዓይኗን ሸፈነች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሰፈሩን ልጆች ጠራቸው፣ እነዚያን ቦቢን በድንጋይ የሚወግሩትን። አልተቆጣቸውም። “ጎበዞች፣ ሥራ አለኝ፣ ታግዙኛላችሁ?” አላቸው። ጅራፋቸውን አስይዞ መንገዱ ጫፍ ላይ፣ ድምፁ በጭንቅ ከሚሰማበት አቆማቸው። እጁን ሲያነሳ አንዴ ያጮሃሉ፣ እሱ ወዲያው ለቦቢ ሳንባ ይሰጠዋል። ዝም ሲሉ ሳንባም የለም። ቦቢ ሰውነቱ ግትር ብሎ ምግቡን ካልነካ “በጣም ቀርበናል፣ ወደ ኋላ በሉ” ይላቸዋል። እንዲህ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ልጆቹን እያቀረበ መጣ። ባጃጁንም እንደዚሁ፣ ማለዳ ማለዳ ጣና ዳር ወስዶት፣ ከሩቅ እያሳየው። እነዚያ ልጆች ዛሬ በደጃችን ሲያልፉ “ቦቢ እንዴት ነው?” ብለው ይጠይቃሉ።

ዘዴው ለምን እንደሚሠራ ብዙ አስረድቶኛል፣ ሁሉንም አልያዝኩትም። የያዝኩትን ግን ልንገራችሁ። ውሻ ሲያጉረመርም አትምቱት። ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያው ነው፣ እሱን በዱላ ካስተዋችሁት አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ማሰርም ፍርሃቱን ያባብሰዋል ብሎናል፣ አሁን ቦቢ ግቢውን እንደልቡ ይዞራል።

ሙሉ በሙሉ ተለውጧል አልላችሁም። ርችት አሁንም ያስደነግጠዋል። ግን ይሄን ስሙኝ፦ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ፣ ሰው ሁሉ በበዓል ሽርጉድ ላይ እያለ፣ ይሄ ሰው ራሱ ደወለልን። “ዛሬ ርችት አይቀርም፣ ቦቢን ቤት አስገቡት፣ መጋረጃውን ዝጉ፣ ሬዲዮ ክፈቱለት” ብሎ። ሥልጠናውን ከጨረሰ ቆይቷል፣ ክፍያውንም ወስዷል፣ ግን ውሻችንን አልረሳም። ኧረ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል! እናቴ “አባትህ ገነት ይግባ” ብላ መርቃዋለች፣ እኔም እደግመዋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ውሻው የሚያስቸግረው ሰው ካለ እባካችሁ ከመምታታችሁ በፊት፣ ለማንም አሳልፋችሁ ከመስጠታችሁ በፊት እሱን አነጋግሩት። እባካችሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ስልኩን እልክላችኋለሁ፣ ፈቅዶልኛል። ውሻ ወስዶ አያሳድርም፣ ቤታችሁ መጥቶ ከናንተው ጋር ነው የሚሠራው፣ የቤቱ ሰው አብሮ ካልሠራ አይቀበልም። የክትባት ወረቀቱን አዘጋጁ። ደግሞ ፍልሰታ እስኪገባ አትጠብቁ፣ ጅራፉ ሰፈሩን ከሞላው በኋላ መጀመር ይከብዳል ብሏል፣ አሁኑኑ ደውሉለት።