ኢንክስኬፕን ለወራት ስሠራበት፦ ስትሮኩን ወደድኩት፣ ሻዶውን ግን በእጄ እሠራለሁ

ባሕር ዳር ውስጥ ታፔላ፣ ባነርና ስቲከር ዲዛይን አደርጋለሁ። ደንበኞቼ ባብዛኛው የጣና ዳር ሰዎች ናቸው፤ ዓሣ ቤቶች፣ ካፌዎች፣ ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ የሚያመላልሱ ባለጀልባዎች። ከወራት ወዲህ ሥራዬን ሁሉ ኢንክስኬፕ ወደሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም አዙሬያለሁ። ነፃ ነው፣ ክራክ ፍለጋ አያዞርም፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ለእኔ የመጨረሻው ብቻውን ይበቃል።

ከሁሉም የወደድኩት ስትሮኩን (የፊደሉን ዙሪያ መስመር) ነው። በግዕዝ ፊደል ላይ ወፍራም ስትሮክ ማድረግ ፈተና ነው። ስትሮኩ የፊደሉን ጠርዝ መሃል አድርጎ ስለሚሰመር ግማሹ ወደ ውስጥ ይገባል። እስኪ «ዓሣ» ብላችሁ ጻፉና አወፍሩት። የ«ዓ» ቀዳዳ ይደፈናል፣ የ«ሣ» እግሮች ይጣበቃሉ። ከአስፋልቱ ማዶ የቆመ ሰው ምን እንደተጻፈ አይለይም። መፍትሔው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ ስትጫኑ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ነው። ስትሮክ ስታይል ላይ ግቡና ኦርደር በሚለው በኩል ስትሮኩን ከፊሉ (ከፊደሉ የውስጥ ቀለም) ሥር አድርጉት። አለቀ። ፊደሉ እንደነበረ ይቆያል፣ ስትሮኩም በውጭ በኩል ብቻ ይታያል። ማዕዘኑ ላይ እሾህ የመሰለ ሹል ከወጣ ጆይኑን (የመስመሩን መታጠፊያ) ራውንድ አድርጉት። ትንሽ ዲዛይን ወደ ባነር መጠን ስታሳድጉ ደግሞ ስትሮክ አብሮ የሚያሳድገው ቁልፍ መብራቱን እዩ፤ ከጠፋ ስትሮኩ ቀጥኖ ይቀራል።

ግራዲየንቱ (ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚሄደው) ቀላል ነው። ጂ ተጭኖ መጎተት ነው፤ ቀለም ለመጨመር መስመሩ ላይ ሁለቴ ክሊክ። ከብርቱካናማ ወደ ሐምራዊ የሚሄድ የጣና ጀምበር ያላዘዘኝ ደንበኛ የለም ማለት ይቻላል (እኔን ሰልችቶኛል)። ችግሩ ቀለሙ ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው በአርጂቢ (በስክሪን ቀለሞች)፣ ማተሚያው በሲኤምዋይኬ (በኅትመት ቀለሞች) ስለሆነ ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። መጀመሪያ ትንሽ ናሙና አሳትሙ።

ሻዶው (የፊደሉ ጥላ) ላይ ግን አልተስማማንም። ከፊልተር ሜኑ የሚገኘው ድሮፕ ሻዶ ስክሪን ላይ ያምራል። ወደ ፒዲኤፍ ሲወጣ ግን ቬክተር (ቢያድግም ጥራቱ የማይቀንስ መስመር) መሆኑ ይቀርና ፒክስል (ትንንሽ የቀለም ነጥብ) ይሆናል፤ ሪዞሉሽኑ ዝቅተኛ ከሆነ ባነር ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም የሚከፍት ማተሚያ ቤት ጋ ደግሞ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ እኔ ጽሑፉን በኮንትሮልና ዲ አባዛለሁ፣ ኮፒውን አጠቁረዋለሁ፣ በፔጅ ዳውን ከሥር አድርጌ ትንሽ ወደ ጎን እገፋዋለሁ። ብለር (የደበዘዘ ጠርዝ) የለውም፣ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ከሩቅም ጎልቶ ይነበባል። የስቲከር መቁረጫ ማሽንም ይቆርጠዋል፤ ብለር ያለውን ሻዶ አይችለውም።

የግድ ብለር ካስፈለጋችሁ ኤክስፖርት ስታደርጉ የፊልተሩን ዲፒአይ (ሪዞሉሽኑን) ከፍ አድርጉ። ላፕቶፓችሁ እንደኔው ያረጀ ከሆነም፣ ስትሠሩ ከቪው ሜኑ ዲስፕሌይ ሞድን ኖ ፊልተርስ አድርጉት፤ ዙም ሲደረግ መንቀራፈፉን ይተዋል።