ሬድ ዴድ ሪዴምፕሽን 2 ከስምንት ወር በኋላ፦ ድቡ አሳምኖኛል፣ ተኩላው ግን አላሳመነኝም

ይህን የጥንት አሜሪካ ካውቦዮች ጌም መጫወት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ታሪኩን ከጨረስኩ ቆየሁ፤ አሁን የምከፍተው ለአራዊቱ ብዬ ነው። የደሴ ብርድ ሲጠና ጋቢዬን እደርብና ፈረሴን ጭኜ ጫካ እገባለሁ። ጌሙ 200 ያህል የእንስሳት ዝርያ አለበት። ኮምፒውተሬ ላይ 150 ጊጋባይት ገደማ ይዞብኛል፣ ግን አላጠፋውም።

መጀመሪያ ልቤን የወሰደው ፈረሱ ነው። አውሬው ለእኔ ገና ሳይታየኝ እሱ ያውቃል። ያናፋል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ካላባበልኩት ጥሎኝ ይሮጣል። ደላንታ ስላደግኩ ነገሩን አውቀዋለሁ። በቅሎም ጅብ ከሸተታት ብትገርፋት አትራመድም።

አንድ ማታ አጎቴ ከደላንታ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል። ወንዝ ዳር ግሪዝሊ ድብ አየኝና ተንደርድሮ መጣ። ፈረሱን ለመጥራት ስጣደፍ አጎቴ «አትሩጥ! ፊት ለፊት ቁም!» ብሎ ጮኸ። ቆምኩ። ድቡ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቀጥ አለ፣ አጓራ፣ ዞሮ ሄደ። እውነተኛው ግሪዝሊም ብዙ ጊዜ የሚንደረደረው ለማስፈራራት ነው። አጎቴ ድብ አይቶ አያውቅም። ከብት ሲጠብቅ ግን ከጅብ ጋር ስንቴ ተፋጧል።

ኩጋሩም (ትልቁ የአሜሪካ የዱር ድመት) ሳይታይ ከኋላ መምጣቱ ልክ ነው፤ አድብቶ የሚያድን አውሬ ነውና።

ተኩላው ላይ ግን አልስማማም። በረዷማው ተራራ ላይ በወጣሁ ቁጥር መንጋው ይከበኛል። ተኩላ በአብዛኛው ሰው ይሸሻል እንጂ ፈረሰኛ አያሳድድም። የእኛው ቀይ ቀበሮ የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። አቡነ ዮሴፍ ተራራም ደላንታም ደጋ ላይ አለ። በመንጋ ይኖራል፣ ለአደን ግን ብቻውን ይወጣል። የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ሲያደባ ልጅ ሆኜ ብዙ አይቻለሁ፤ እኛን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም። ተኩላን ሁሌ ሰው በላ አድርጎ ማሳየት የሚከነክነኝ ለዚህ ነው።

ሰሞኑን ጠመንጃውን ትቼ የጌሙን ካሜራ ይዤ ነው የምወጣው። ትናንት የሞተ አጋዘን ያየሁበት ቦታ ተመልሼ ሄድኩ። ጥንብ አንሳዎቹ ወርደውበታል። ሳልቀርባቸው ቁጭ ብዬ ስመለከት አመሸሁ።