ለኒም ዛፍ የእጅ መጋዝ ወይስ የሞተር መጋዝ?

በድሬዳዋ ፀሐይ የኒም ጥላ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች፣ ቅርንጫፉ ጣሪያ በነካ ቁጥር ወደ ሞተር መጋዝ መሮጣችን ያሳዝነኛል። ውፍረቱ ክንድ ለሚያህል ቅርንጫፍ የእጅ መጋዝ ይበልጣል፤ ዝግ ስለሚል ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ከሥር ወደ ላይ ሲሶውን ቁረጡ። ከዚያ ጥቂት ወጣ ብላችሁ ከላይ ጨርሱት። ያለ ታችኛው ቁርጥ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ልጦ ይሄዳል። የቀረውን ቁራጭ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት እብጠት ወጣ ብላችሁ አንሱት፤ እብጠቱን ግን አደራ አትንኩ፣ ቁስሉን የሚሸፍነው እርሱ ነው።

የሞተር መጋዝ የወደቀ ግንድ ለመቆራረጥ ወደር የለውም። ቤንዚኑ ለሁለት ምት (2T) ሞተር ከተሠራ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ በብዙዎቹ 50 ለ 1፣ ማለትም ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ነው። መሰላል ላይ ይዞ መውጣትን ግን ፈጽሞ አልቀበልም። የሰንሰለቱ መሪ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት፣ የላይኛው ጫፉ እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ፊት ተስፈንጥሮ ይመለሳል። መሬት ላይም ቢሆን ከግንዱ ሥር ጉማጅ አስገቡበት፤ አሸዋ የነካ ሰንሰለት ወዲያው ይዶለዱማል።