ከስክሪን ውስጥ ትንኝ ያወጣልኝ የፈረንጅ አራዳው ልጅ

ጅማዎች፣ ዛሬ በአደባባይ የማመሰግነው ሰው አለኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። "ሰው ይበዛብኛል" ይላል፤ እንዲህ የሚል ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቤቱን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ አሳያለሁ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት የጽሕፈት ቤት አለኝ። የተመራቂዎችን ጽሑፍ እተይባለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ አትማለሁ። አንዷ ተማሪ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስናርም "እትዬ፣ እቺን ነጥብ ያጥፏት" አለችኝ። ብሰርዝ ብሰርዝ እምቢ አለች። ገጹን ወደ ታች ሳወርደው ጽሑፉ ሄደ፣ ነጥቧ እዚያው ቀረች። ከዚያ መራመድ ጀመረች።

ሞኒተሩን በጋቢ ጠቅልዬ በባጃጅ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት "ፓነሉ፣ ምስሉን የሚያሳየው መስታወት፣ ሞቷል፣ ይቀየር" ብሎ የአዲስ ግማሽ ዋጋ ጠራልኝ። እሱን እንለፈው።

ልጁ ግን ስልኩን አውጥቶ በካሜራው አጉልቶ አየና ሳቀ። "እትዬ፣ ፒክስል ሲሞት እግር አያወጣም።" ፒክስል የሚሉት ምስሉ የሚሠራባቸውን የስክሪኑን ጥቃቅን ነጥቦች ነው። የእኔዋ ነጥብ ግን እውነትም እግር አላት። አንዷ በሕይወት አለች፤ ሌላዋ ደግሞ ጥግ ላይ ደርቃለች፣ እሷንስ አላየኋትም ነበር። የሽንኩርት ገበሬዎች ትሪፕስ የሚሏት ዓይነት ትሆናለች አለኝ፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነች በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ሰተት ብላ ትገባለች። የሚስባት ብርሃኑ ነው። የጅማን ዝናብና ማታ ማታ አምፖል የሚከበውን ነፍሳት ለምታውቁ ይህ አይገርማችሁም።

"ፍሊት ልንፋበት?" አልኩት። "ኧረ በፈጣሪ! እዚያው ትሞትና ትቀራለች፤ ፈሳሹም ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በጣትም አይጫኗት። ከተጨፈለቀች እድፉ ከመስታወቱ ጀርባ ነው፣ ከፊት ቢወለውሉት አይለቅም።"

ከዚያ ሞኒተሩን አጠፋ፣ መጋረጃውን ሳበ፣ የእጅ ባትሪ አብርቶ ከላይኛው ቀዳዳ አጠገብ አስቀመጠ። ቡና ጠጣን። ሲያበራው ወደ ጠርዙ ተጠግታለች። ደግሞ አጠፋው። በመጨረሻ የለችም።

የሞተችውን በተመለከተ መጀመሪያ ያለኝ "ጥግ ላይ ናት፣ ካላስቸገረችዎት ባልከፍተው ይሻላል" ነው። ገንዘብ የሚገኘው በመክፈት እንደሆነ እያወቀ! የእኔ ሥራ ግን በነጥብ ነውና ክፈትልኝ አልኩት።

ገመዱን ነቅሎ ቆየት አለ። ክፈፉን በብረት ሳይሆን በአሮጌ የስልክ ካርድ ቀስ እያለ አላቀቀ። ፓነሉን ሪባን ኬብል ከሚሉት ጠፍጣፋ ገመዱ ጋር አነሳ። ከሥሩ ብርሃን የሚበትኑ ስስ የፕላስቲክ ንጣፎች አሉ፤ ከነሱ ሥር ደግሞ ከጠርዝ ያለውን የኤል.ኢ.ዲ ብርሃን የሚያዳርስ ወፍራም ጥርት ያለ ፕላስቲክ። እያንዳንዱን ንጣፍ ከማንሳቱ በፊት ጥጉ ላይ በእስኪርቢቶ ምልክት ያደርጋል፣ ተገልብጦ እንዳይመለስ። ጓንት አድርጓል። ትንኟን በጎማ መንፊያ እፍ አደረጋትና በረረች። በሩን ዘግቶት ነበር፤ "አቧራ ከገባ ሌላ ነጥብ ነው የምናተርፈው" ይላል።

የተቀበለኝ 300 ብር ነው፣ ለመክፈቻው። የባትሪውን ሥራ አላስከፈለኝም፤ "ቡናውን እርስዎ ነዎት የከፈሉት" አለኝ።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ቤቱ በተማሪ ይሞላል። ላፕቶፕ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። የላፕቶፕ ስክሪን ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ለትንኝ ብሎ መክፈት አይወድም፤ የእጅ ባትሪውን አብርቶ መጠበቅ ይመርጣል። እስከዚያው በጣታችሁ እንዳትነኩት።